መራጭ ልጅ ይዞ በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ የት ይበላል?

ፓስታው ሲመጣ ከላዩ አረንጓዴ ነገር ተነስንሶበት ነበር። ደቆ የተከተፈ ቅጠል ነው፤ አንዱ ቁራጭ የሕፃን ጥፍር አያክልም። ልጄ ያኔ 4 ዓመቷ ነበር። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሳህኑን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ቅጠሉን በሹካ ጫፍ አንድ በአንድ እየለቀምኩ አወጣሁላት። ዋጋ አልነበረውም። አንዴ አይታዋለች። ከተቀመጥን 40 ደቂቃ አልፎ ነበር። የዚያን ቀን ምሳዋ ዳቦና ቅቤ ሆነ፤ እሱንም የበላችው ሂሳብ እስኪመጣ ስንጠብቅ ነው።

ወጥ ቤቱ አላጠፋም። ምግቡም ጥሩ ነበር። የተሳሳተው ምርጫችን ነው። ያንን ቤት የመረጥነው ግድግዳው እንደ ጥንት ቤተ መንግሥት ስለተሠራና ፎቶው ስለሚያምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ልጆች ጋር ብዙ ፓርክ ዞረናል። ሁለቱም መራጮች ናቸው፤ አመራረጣቸው ግን ለየቅል ነው። ዛሬ ምግብ ቤት ስንመርጥ ሜኑውን የምናየው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድመን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ምግቡ እስኪመጣ ልጁ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ከመታዘዙ በፊት ምግቡን በዓይኑ ማየት ይችላል? አልበላም ካለስ ብዙ ሳንከስር ተነስተን መሄድ እንችላለን?

መራጭ ልጅን ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ሜኑው ሳይሆን መጠበቁ ነው። የራበው፣ ፀሐይ የመታው፣ ከሰልፍ ሰልፍ ሲዞር የዋለ ልጅ ቤቱ የሚወደውን ምግብ እንኳ ብታቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። አንዳንዴም ምግብ እምቢ ያለ የሚመስለው ልጅ የጠማው ልጅ ነው። ስለዚህ እኛ የትም ቤት ስንገባ የመጀመሪያው ነገር ውኃ ነው። ከዚያ ነው ሌላው።

ልጃችሁ የሚመርጠው በምንድን ነው?

መራጭ ማለት ሞልቃቃ ማለት አይደለም። ከ2 እስከ 6 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ብዙ ልጆች የማያውቁትን ምግብ ይፈራሉ። ባለሙያዎች ፉድ ኒዮፎቢያ ይሉታል። ሊያን በርች የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጥናት፣ የ2 ዓመት ልጆች አንድን አዲስ ምግብ ደጋግመው በቀመሱት ቁጥር የበለጠ እየመረጡት እንደሚሄዱ አሳይተዋል። በጥናቱ ውስጥ እስከ 20 ጊዜ የቀረበ ምግብ ነበር። ሃያ ጊዜ! እናንተ ደግሞ ፓርክ ውስጥ ያላችሁ አንድ ምሳ ነው። ስለዚህ ልጅን አዲስ ምግብ ማስለመድ የቤት ሥራ ነው። ፓርክ ሄዶ እሱን መጀመር ሁላችሁንም ያስለቅሳል።

በእኔ ዓይን መራጭ ልጆች ሦስት ዓይነት ናቸው። በዓይኑ የሚመርጥ አለ፤ ቀለሙ ከተለወጠ፣ አንዱ ምግብ ሌላውን ከነካ፣ ስልሱ ከፓስታው ጋር ከተቀላቀለ አለቀለት። ትልቋ ልጄ እንዲህ ናት። በአፉ የሚመርጥ አለ፤ ምግቡ ከረር ያለ፣ የሚንኮሻኮሽ ሲሆን ይበላል፤ ለስላሳና የሚያሟልጭ ነገር ግን ወደ አፉ አይጠጋም። በጆሮው የሚመርጥም አለ። ይሄኛውን ለማወቅ ጊዜ ወስዶብናል። ትንሹ ልጄ ቤት ውስጥ ደህና ይበላል። ጫጫታና ብዙ ሽታ ያለበት አዳራሽ ሲገባ ግን ጉሮሮው የሚዘጋ ይመስል ምንም አይወርድለትም። ለሦስቱ የሚሆነው ቤት አንድ አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል። የሚበላቸው ምግቦች ቁጥር እየቀነሰ የሄደ፣ ክብደቱ የወረደ ወይም እድገቱ የቆመ ልጅ ካላችሁ ይህ መመሪያ አይበቃችሁም። እንዲህ ያለው ከባድ የመብላት ችግር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ራሱን የቻለ ስም አለው። ሐኪም ያየዋል። አለርጂም ከመምረጥ ጋር አይደባለቅ። አለርጂ ካለ የትም ቤት ከመታዘዙ በፊት ለሠራተኛው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ያው ስማቸው የሚለጠፍ አለርጂ አምጪ ምግቦች ዝርዝር እንኳ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአሜሪካ 9፣ በአውሮፓ ኅብረት 14 ናቸው።

ከባንኮኒ ታዝዞ የሚወሰድ

ለአብዛኛው መራጭ ልጅ የእኔ ምርጫ ይኼ ነው። ጌጥ የለውም፣ አስተናጋጅ የለውም፣ ፎቶውም አያምርም። ግን ምግቡ ቶሎ ይመጣል። ልጁ ካልበላም ትሪውን አንስቶ መሄድ ነው፤ ማንም አያያችሁም።

ነገሩን የለወጠው በስልክ ማዘዝ መቻሉ ነው። በፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ይህ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ አሁን በብዙ ትልልቅ ፓርኮች አለ። ጥቅሙ ሰልፍ መቀነሱ ብቻ አይደለም። ለመራጭ ልጅ ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። ለጨዋታ ተሰልፋችሁ ሳለ ስልኩን ለልጁ ትሰጡታላችሁ። ሥዕሉን ያያል። «ይሄን ነው?» ትሉታላችሁ። ስልስ፣ ቺዝ፣ ሰላጣ ይውጣ የሚለውን አብራችሁ ትነካላችሁ። ልጁ በገዛ ጣቱ ያወጣው ነገር ሳህኑ ላይ ከሌለ ያምናችኋል። አስተናጋጅ ፊት ቆሞ «እንትን አይኑርበት፣ እንትንም አይኑርበት» ማለት ደግሞ ብዙ ወላጅ ያሳፍረዋል። ስልክ አይታዘባችሁም።

ጉድለቱ መቀመጫ ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው የምሳ ግርግር ትሪ ይዞ ጠረጴዛ መፈለግ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሁለት አዋቂ ካላችሁ አንዳችሁ ከልጁ ጋር ቀድማችሁ ተቀመጡ፤ ሌላው ምግቡን ያምጣ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ብሉ። የእውነቴን ነው፣ 5 ሰዓት ላይ የተበላ ምሳ ግማሽ ቀን ያድናል። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ልጁ ገና አልደከመም፤ ረሃቡም ወደ ብስጭት አልተለወጠም። በጆሮው የሚመርጥ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የውጭ መቀመጫ ያለውን ቤት ፈልጉ። ትንሹ ልጄ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚበላውን አዳራሽ ውስጥ አይነካውም።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ የልጆች ምግብ ድንች ጥብስ ይዞ ይመጣል ብላችሁ አትቁጠሩ። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በአሜሪካ ፓርኮቹ ካልተጠየቀ በቀር ከልጆች ምግብ ጎን ፍራፍሬ ወይም አትክልት ማቅረብ ጀምሯል። ለጤና ጥሩ ነው። ልጃችሁ የሚበላው ድንቹን ብቻ ከሆነ ግን ስታዙ ይቀየርልን በሉ። ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ድንገተኛ ነገር ነው ቀኑን የሚያበላሸው።

ቡፌ

በዓይኑ ለሚመርጥ ልጅ ከቡፌ የተሻለ የለም። ምግቡ እዚያው ነው፤ ይታያል። መጠበቅ የለም። አንዱ ሌላውን እንዳይነካ በተለያየ ሳህን ማንሳት ይቻላል። የማይበላ ነገር ከተነሳም ሌላ ይነሳል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ገና ሲገባ ሳህን ይዞ መሰለፉ ላይ ነው። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ዙሩ። ልጁን እጁን ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳዩት። አትጠይቁት፣ አታግባቡት፣ ዝም ብላችሁ አሳዩት። ሁለተኛውን ዙር ትንሽ ሳህን አስይዙትና እሱ ያመልክት። ልጄ እንዲህ ስታደርግ መጀመሪያ ያነሳችው ሩዝ ነበር፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ እንደገና ሩዝ። ሦስተኛ ሳህኗ ላይ ግን ማንም ሳይላት ሁለት ቁራጭ ካሮት አስቀመጠች። አንዱን ነክሳ መለሰችው። እኔ ምንም አላልኩም። ለእኔ ያ ትልቅ ቀን ነው።

የቡፌ ችግሩ ሂሳቡ ነው። የምትከፍሉት በተበላው ልክ አይደለም፤ በሰው ቁጥር ነው። ሁለት ቁራሽ ዳቦና አይስክሬም የሚበላ ልጅ ሙሉ የቡፌ ሂሳብ ይከፈልበታል። ዕድሜም ይቆጠራል። በዲዝኒ ወርልድ የልጅ ሂሳብ የሚባለው ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ በቡፌ በነፃ ይበላል፤ 10 ዓመት የሞላው ግን እንደ አዋቂ ይከፈልለታል። ስለዚህ የ2 ዓመት መራጭ ይዞ ቡፌ መግባት እጅግ አዋጭ ነው። የ10 ዓመት መራጭ ይዞ መግባት ደግሞ በጣም ውድ የሆነ ድንች ጥብስ መግዛት ነው። ልጃችሁ የሚበላው ከአራት ነገር የማይበልጥ ከሆነ ባንኮኒው ያዋጣችኋል።

በጆሮው ለሚመርጥ ልጅ ቡፌ ከባድ ነው። የሳህን ኳኳታ፣ የሰው ትርምስ፣ የሃያ ምግብ ሽታ አንድ ላይ ይመጣበታል። ለትንሹ ልጄ ስንል ትተነዋል።

ተቀምጦ በአስተናጋጅ የሚታዘዝበት

እውነት ለመናገር አዋቂውን የሚያሳርፈው ይሄ ነው። እግር ያርፋል፣ ጥላ አለ፣ ጥሩ ምግብ ይበላል። ወላጅም ሰው ነው፤ ይሄ መቆጠር አለበት። ለመራጭ ልጅ ግን ረጅሙ መጠበቅ እዚህ ነው ያለው። ለማዘዝ ትጠብቃላችሁ፣ ምግቡን ትጠብቃላችሁ፣ ሂሳቡን ትጠብቃላችሁ።

ልትገቡ ከወሰናችሁ እንዲህ አድርጉ። ከቤት ሳትወጡ ሜኑውን በስልክ ለልጁ አንብቡለት፤ የሚበላውን እዚያው ይምረጥ። አስተናጋጁ ውኃ ይዞ ገና ሲመጣ የልጁን ምግብ እዘዙ፤ የእናንተ ይቆይ። «የልጁ ምግብ እንደደረሰ ይምጣልን፣ የእኛን አትጠብቁ» በሉ። ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የቤተሰባችንን ምሳ ለውጣዋለች። ስታዙ ደግሞ የምትፈልጉትን ብቻ አትንገሩ፤ የማትፈልጉትንም ተናገሩ። «ፓስታ በቅቤ» ብላችሁ ካዘዛችሁ ወጥ ቤቱ ከላይ ቅጠል ይነሰንስበታል፤ ለእነሱ ማሳመር ነው። «ከላዩ ምንም አይነስነስ፣ ስልሱ በሌላ ሳህን ይሁን፣ አንድ ባዶ ሳህን ጨምሩልን» ማለት ነው። ባዶ ሳህኗ በዓይኑ ለሚመርጥ ልጅ ናት፤ የማይፈልገውን ያወጣባታል፣ የሚነካካውን ይለይባታል።

ቤቱ ራሱ እንዴት እንደተሠራም እዩ። የፓርክ ምግብ ቤት ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው፤ ግድግዳው፣ መብራቱ፣ ድምፁ ሁሉ የትርዒቱ አካል ነው። ሬይንፎረስት ካፌ የሚባለው ቤት ውስጥ በየተወሰነ ጊዜው መብረቅና ነጎድጓድ ይመጣል፤ ሰው ሠራሽ እንስሳቱ ይጮኻሉ። አንዱ ልጅ በደስታ ይዘላል፤ ሌላው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው በኤፕኮት፣ በሜክሲኮ ሕንፃ ውስጥ ያለው ሳን አንሄል ኢን የሚባል ቤት ቀን በቀን ሌሊት እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። ለባልና ሚስት ያምራል። ምግቡን በብርሃን አገላብጦ ካላየ ለማይቀምስ ልጅ ግን አይሆንም።

በተቃራኒው ደግሞ ከጠበቅነው በላይ የሚመች ቤት አለ። በዲዝኒ ሆሊውድ ስቱዲዮስ ውስጥ ያለው ሳይፋይ ዳይን ኢን እ.ኤ.አ. በ1991 የተከፈተ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ጠረጴዛዎች በመኪና ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ሁሉም ወደ አንድ ትልቅ ስክሪን ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። ጨለም ያለ ስለሆነ በዓይኑ ለሚመርጥ አልመክረውም። ሰው ሲያየው መብላት ለሚያቅተው ልጅ ግን መልካም ነው። ማንም ፊት ለፊቱ የለም። እናቱ በየጉርሻው ዓይኗን አትተክልበትም። አንዳንድ ልጅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቀድሞ ቦታ መያዝን በተመለከተ፣ በዲዝኒ ወርልድ ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ መያዝ ይቻላል፤ ተፈላጊዎቹ ቤቶች ቶሎ ያልቃሉ። የመጀመሪያውን የምሳ ሰዓት ያዙ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያለውን። ካልመጣችሁ የሚቀጣችሁ ቤት ከሆነ ደግሞ እስከ መቼ ድረስ መሰረዝ እንደሚቻል ቦታ በያዛችሁበት ዕለት አንብቡ። ልጁ እንቅልፍ ከያዘው ትሰርዛላችሁ፤ የተኛን ልጅ ቀስቅሶ ምግብ ቤት ማስገባት አይሆንም።

ገጸ ባሕርያት የሚዞሩበት ምግብ

የፊልም ገጸ ባሕርያትን ልብስ የለበሱ ሰዎች በየጠረጴዛው የሚዞሩበት ቤት አለ። ይህን እንደ ምግብ አትግዙት። እንደ ትርዒት ግዙት። ልጁ ሹካ ባነሳ ቁጥር አንድ ትልቅ ጭንቅላት ያለው አይጥ ወይም ድብ ይመጣል። ይነሳል፣ ያቅፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ምግቡ ቀዝቅዟል። መራጭ ያልሆነ ልጅ እንኳ እዚህ አይበላም።

ትርዒቱን ከፈለጋችሁት፣ እኛም አንዴ ፈልገነዋል፣ ልጁን ከመግባታችሁ በፊት አብሉት። ከሁሉ የሚሻለው ቡፌም ገጸ ባሕርይም አንድ ላይ ያለው ነው። በዲዝኒ ወርልድ ኮንቴምፖራሪ ሆቴል ውስጥ ያለው ሼፍ ሚኪስ እንደዚያ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ስለሆነ የፓርክ ትኬት አይጠይቅም፤ ሞኖሬሉም (በአንድ ሐዲድ የሚሄደው ባቡር) በሆቴሉ መሃል አቋርጦ ሲያልፍ ይታያል። ለመራጭ ልጅ የምጠነቀቅለት በዲዝኒ ወርልድ የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንዳለው እንደ ሲንደሬላስ ሮያል ቴብል ያለውን ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ መብላት ሕልም ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሂሳቡ በቁርጥ ነው። ልጃችሁ ዳቦ ብቻ በልቶ ቢወጣ ምንም የምትመልሱት የለም። ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ እነዚያን ትልልቅ አልባሳት ይፈራሉ። ልጁ እንደሚፈራ ለአስተናጋጁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ከሩቅ እጅ አውለብልቦ ማለፍ ይቻላል።

ምግቡ በሐዲድ የሚመጣበት

በጀርመን ሩስት ባለው ኦይሮፓ ፓርክ ፉድሉፕ የሚባል ቤት አለ። በእንግሊዙ ኦልተን ታወርስም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመሳሳዩ ተከፍቷል። ጠረጴዛ ላይ ባለ ስክሪን ታዛላችሁ፤ ምግቡ በተከደነ ድስት ታስሮ ከጣሪያ ሥር ይነሳና እንደ ሮለር ኮስተር ተገልብጦ፣ ተጠማዞ ጠረጴዛችሁ ላይ ይደርሳል።

ይህን ጨዋታ ብቻ ነው ብዬ ልንቀው ነበር። ተሳስቻለሁ። መጠበቁ ራሱ መዝናኛ ሆነ። ትልቋ ልጄ ድስቱ ሲወርድ በጣቷ እየተከተለች «የኔ ነው! የኔ ነው!» ስትል ምግቡ ከማይታወቅ ነገር ወደ ራሷ ነገር ተለወጠላት። ክዳኑን ራሷ ከፈተች። ውስጡ ያለውን ከዚያ በፊት በልታው አታውቅም፤ ግማሹን በላችው። በሁሉም ልጅ ላይ ይሠራል አልልም። የሐዲዱ ድምፅ በጆሮው የሚመርጠውን ያስቸግረዋል፤ ትንሹ ልጄ ጆሮውን ይዞ ነው የጨረሰው።

ምሳ ዕቃ

ከሁሉ በላይ የምተማመንበት ይህ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም።

መጀመሪያ የፓርኩን ደንብ አንብቡ፤ ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። ዲዝኒ ወርልድ ማሞቅ የማያስፈልገው ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳል፤ የመስታወት ዕቃ ግን አይፈቀድም። ሌሎች ፓርኮች ትንሽ መክሰስ ብቻ የሚያስገቡ አሉ። በሩ ላይ ከመከራከር ቤት ሆኖ ማንበብ ይሻላል።

ሙሉ ምሳ ጭኖ መዞር አድካሚ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ምግብም ያስፈራል፤ የሚበላሸውን ያለ በረዶ ከረጢት አትያዙ። እኔ የምይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ «የማይከዳው» የምንለውን። ማንኛውም ልጅ አንድ የማይከዳ ምግብ አለው። ሲከፋውም፣ ሲደክመውም፣ ሲያኮርፍም የሚበላው። ለትልቋ ደረቅ ዳቦ ነው፣ ለትንሹ አንድ ዓይነት ብስኩት። ብራንዱ ሳይቀየር፣ በዚያው ማሸጊያ። እሱ ቦርሳ ውስጥ ካለ የትኛውም ምግብ ቤት በድፍረት ይገባል፤ ልጁም እናንተም ዘና ትላላችሁ። የተዝናና ልጅ ደግሞ ከሌላው ሳህን የመቅመስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከጋሪ የሚገዛው

ጋሪ ምግብ ቤት አይተካም፤ ግን በሁለት ምግብ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ትንንሽ ልጆች ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ ሳይበሉ ሲቆዩ ጠባያቸው ይለወጣል። አይስክሬሙንና ከረሜላውን ከምሳ በፊት ከሰጣችሁት ምሳውን እርሱት። በሌጎላንድ ካሊፎርኒያ የሚሸጠው በቀረፋና በስኳር የተለወሰ የፖም ጥብስ ድንች ጥብስ ብቻ ለሚበላ ልጅ ጥሩ ድልድይ ነው፤ ቅርጹ የሚያውቀው ነው፣ ውስጡ ግን ፍራፍሬ።

ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክብ ነገር ሁሉ አደገኛ ነው። ወይኑንም ቋሊማውንም በቁመቱ ሰንጥቁት፤ በአግድሙ መቁረጥ ክቡን አያጠፋም። እየሮጠ ወይም መጫወቻ ላይ ተቀምጦ አይብላ።

እኛ ቀኑን እንዴት እናደርገዋለን?

አንድ ቀን ብቻ ካለን አስተናጋጅ ያለበት ቤት አንገባም። 5 ሰዓት ላይ ባንኮኒ፣ 9 ሰዓት ላይ ጋሪ፣ የማይከዳው ቦርሳ ውስጥ። ሁለት ሦስት ቀን ካለን ከመሃሉ አንዱን ለቡፌ እንሰጠዋለን፤ እሱም በመጀመሪያው ቀን አይሆንም። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ስለ ምግብ ማሰብ አይችሉም። ከባድ ምግብ ከበላን በኋላ የሚሽከረከር ነገር ላይ አንወጣም፤ ሆዱን ያመመው ልጅ ጥፋቱን በጨዋታው ሳይሆን በምግቡ ላይ ያደርግና ከዚያ በኋላ አይነካውም።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የምንከተለው የኤለን ሳተርን መንገድ ነው። አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናቸው። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ልጁ ነው ይላሉ። ፓርክ ውስጥ ይህን መከተል ከቤት ይከብዳል፤ ብዙ ገንዘብ ከፍላችኋል፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያያችኋል፣ «አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ የኔ እናት» ማለት ያምራችኋል። እኔም ያምረኛል። ግን በተለመነ ቁጥር አፉን የበለጠ የሚዘጋ ልጅ አለኝ።

በሆላንዱ ኤፍቴሊንግ ፓርክ ሆለ ቦለ ኻይስ የሚባል አፉን የከፈተ ወፍራም ሰው የሚመስል የቆሻሻ መጣያ አለ። «ወረቀት እዚህ!» እያለ ይጣራል፤ ወረቀቱን ወደ አፉ ስታቀርቡለት ስቦ ይውጥና ያመሰግናል። እዚያ የሄድን ቀን ትንሹ ልጄ ምሳውን አልነካም ነበር። ለመንነውም፣ ተውነውም። ብስኩቱን ከቦርሳ አውጥቼ ከነማሸጊያው ሰጠሁት። መጣያው ጋ ስንደርስ ማሸጊያውን ሊያበላው ፈለገ፤ ለዚያ ደግሞ ብስኩቱ ማለቅ ነበረበት። ቆሞ አንድ በአንድ በላቸው። ማሸጊያውን ጣለለት፣ ምስጋናውን ሰማ፣ ዞር ብሎም «ሌላ ወረቀት ያለው ምግብ የለንም?» አለኝ። ከአጠገቡ ካለው ባንኮኒ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ገዛንለት።